አንዱ ሲያሳክከው ቤተሰቡ በሙሉ ይታከም

እብናት፦ ሌሊት ሌሊት እየባሰ የሚያሳክክ፣ መነሻው ያልታወቀ ሽፍታ የወጣበት ሰው ሕመሙን የቁንጫ ንክሻ ነው ብሎ በቸልታ ሊያልፈው ይችላል። ማሳከኩ አብሮት ለሚተኛው ጭምር ከተረፈ ግን በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው እከክ ነው።

በሽታው ምን ያህል ሊስፋፋ እንደሚችል በአማራ ክልል በተግባር ታይቷል። በኤልኒኖ ሳቢያ የተከሰተውን ድርቅ ተከትሎ በ2008 ዓ.ም አካባቢ በክልሉ በሚገኙ 68 ወረዳዎች ከተመረመሩት 1 ሚሊዮን 125 ሺህ 770 ሰዎች መካከል 379 ሺህ ያህሉ በእከክ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህም ከሦስት ሰዎች አንዱ እንደማለት ነው። እንደ እብናት ባሉ በተደጋጋሚ ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች የውኃ እጥረትና ተጨናንቆ መኖር ለበሽታው መስፋፋት ምቹ ሁኔታ ይፈጥራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ተርታ መድቦታል።

እከክን የምታመጣው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነች፣ በዓይን ለማየት እጅግ የምታስቸግር ተባይ ናት። እንስቷ ተባይ የቆዳን የላይኛውን ክፍል ሰርስራ በመግባት እንቁላሏን ትጥላለች። ማሳከኩ ሰውነት ለተባይዋና ለእንቁላሏ የሚሰጠው ምላሽ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ምልክት የሚታይበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ግለሰቡ በእነዚህ ሳምንታት ምንም ሳያሳክከው በሽታውን ለሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሽፍታው በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ይበዛል። በሕፃናት ላይ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በራስ ቅል ላይም ሊወጣ ይችላል። የቁንጫ ንክሻ በአንጻሩ በአብዛኛው በእግር ላይ ይታያል። ጭርት ክብ ቅርጽ ይዞ ጠርዙ ጎላ ይላል። ችፌ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ለሕክምናው የፐርሜትሪን ቅባት፣ ቤንዚል ቤንዞኤት፣ የድኝ ቅባት እንዲሁም የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ያገለግላሉ። አይቨርሜክቲን ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ሕፃናት ስለማይታዘዝ፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ቅባቱ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንገት በታች ያለውን አካል በሙሉ፣ በጥፍር ሥር ጭምር መዳረስ ይኖርበታል። ከእንቁላል የሚፈለፈሉ ተባዮችን ለማጥፋትም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሕክምናው በባለሙያው ትእዛዝ ይደገማል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳክካቸውም ሆኑ የማያሳክካቸው የቤተሰቡ አባላት በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። አንዱ ከቀረ በሽታው ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ዳኑት ይመለሳል። በዚያው ዕለት የሚለበሱና የሚነጠፉ ልብሶች በፈላ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ሊሰጡ ይገባል። ለማጠብ የሚያስቸግሩትን በላስቲክ አስሮ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ ተባይዋ ከሰው አካል ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ አትኖርምና።

ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ደጋግሞ መቀባት አይገባም። ከዚያ ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

እከክ ሲቆይ በሚታከከው ቁስል ባክቴሪያ ገብቶ ኩላሊትን እስከመጉዳት ሊደርስ ይችላል። ቁስሉ መግል የያዘ፣ ሕፃኑ ያተኮሰው ወይም ፊቱ ያበጠ እንደሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

እከክ በማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል በሽታ እንጂ የነውር ምልክት አይደለም። በኀፍረት ተደብቆ የሚቆይ አንድ ሕመምተኛ ግን የጎረቤቱንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ሕፃናት ለበሽታው ያጋልጣል። በመሆኑም በቤቱ ምልክቱን ያየ ሁሉ በቀበሌው ለሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፈጥኖ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።