አንድ ድምፅ፣ አንድ ባስ

የኢትዮጵያ ሮክ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠራው ጃኖ ባንድን ነው። ይገባቸዋል። በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከባድ ጊታር በአማርኛ ግጥም ሥር ተመችቶት እንደሚቀመጥ ለብዙ ሰው አሳይተዋል። ከእነሱ ሁለት ዓመት ቀድመው ግን ሁለት ሰዎች ከዚያ የሚሻክር፣ ከዚያም የሚደፍር ነገር ሠርተው ነበር። አንዷ የአዝማሪ ቤት ድምፃዊት እቴነሽ ዋሴ ናት። ሌላው የፈረንሳዩ ባስ ተጫዋች ማትዮ ሱሪሶ ነው። አልበማቸው «በሎ በሎ» ይባላል።

ሁለቱ በአንድ ጀምበር አልተገናኙም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የአልበም ተከታታይ የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሙዚቃችንን አውሮፓ ካስገባ በኋላ፣ የዚያ አህጉር ሙዚቀኞች በመስማት ብቻ አላበቁም፤ አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የሆላንዱ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ከሳክስፎኑ ንጉሥ ጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሠራ። በማግስቱ ዓመት የፈረንሳይዋ ቱሉዝ ባንድ ለ ቲግር ዴ ፕላታን ከእቴነሽ ጋር «ዘራፍ!»ን አወጣ። የዚህ ባንድ ባሲስት ነው ሱሪሶ። ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱና ድራሙ ሲቀነሱ፣ ከእቴነሽ ጋር የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

ይህ መቀነስ ነው ሥራውን ትልቅ ያደረገው። በአዝማሪ ቤት መሰንቆ የሚከተለው ዘፋኙን ነው፤ አንዲቱ የፈረስ ጭራ ድምፁን እግር በእግር ትከተላለች፣ ስትደርስበት ታቅፈዋለች፣ ሲያርፍ ቦታውን ትሞላለች። ባስ ጊታር ግን ባህሪው ሌላ ነው። ሥራው ከታች ሆኖ ምት መጠበቅ፣ መሬት ማስያዝ ነው። ሱሪሶ ሁለቱንም በአንድ እጅ ይሞክራል። አንዳንዴ አንድ ድምፅ ላይ ተጣብቆ እንደ ከበሮ ይደበድበዋል። አንዳንዴ ደግሞ ባሱን እስኪጎረብጥ አስጩኾ ከእቴነሽ ጋር ይሟገታል። ድራም በሌለበት ጭክጭካው በአድማጩ ውስጥ ነው የሚቆጠረው፤ ትከሻ የሚነቀንቀው ሌላ ማንም ሳይመታለት ነው።

እቴነሽ ደግሞ ለፈረንጅ ጆሮ ብላ አልተለሳለሰችም። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ከጉሮሮ ይነሳል፣ ቃሉን ሰብራ ትጥለዋለች፣ ወዲያው ወደ ሹክሹክታ ትወርዳለች። የትዝታንና የአምባሰልን ቅኝት ይዛ ስትቆይ፣ ከታች ያለው ባስ በሮክ ጉልበት ሲገፋት፣ ሁለቱ ዓለሞች አንዱ ለሌላው ሳይሰግድ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የውጭ ሙዚቀኛና የእኛ ዘፋኝ ሲጣመሩ ብዙ ጊዜ አንዱ ጌጥ ይሆናል። እዚህ ጌጥ የለም። ከጌታቸውና ከዘ ኤክስ ሥራ በቀር፣ ለእኔ ከዘመኑ ጥምረቶች ሁሉ የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

በ2018 ሁለቱ አንድ ሙዚቀኛ ጨምረው ሦስት ሆነው «የኔ ዓለም» የተባለውን አልበም አወጡ። አብረው ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። አድማጮቻቸው ብዙ አይደሉም፤ የሰማቸው ግን አይተዋቸውም፣ ለሌላ ሰው ሳያሰማም አያድርም።

ይህን ከመልካሳ የምጽፈው በምክንያት ነው። ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው በዚህ መንገድ ዳር፣ ሰርጉም ምርቃቱም የሚደምቀው በአንድ ኪቦርድ ነው። ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ክራሩ፣ ጭብጨባው ሳይቀር ከማሽኑ ይወጣል፤ ዘፋኙ መተንፈሻ አያገኝም። ወጣቶቻችን «ባንድ የለን፣ ገንዘብ የለን» ሲሉ እሰማለሁ። እቴነሽና ሱሪሶ ግን ሁለት ብቻ በነበሩ ጊዜ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ድራም፣ በአንድ ጉሮሮና በአንድ ባስ ሙሉ ምሽት ይይዙ ነበር። መልካሳ ላይ መሰንቆ የሚጫወት ልጅና ጊታር የሚነካ ልጅ ቢገናኙ መንገዱ ተከፍቶላቸዋል።

የአዳማ ሆቴሎችና አዳራሾች ባለቤቶችም እንዲህ ያሉ ጥምረቶችን ጋብዙልን፤ መድረካቸው ትንሽ፣ ወጪያቸው ቀላል ነው። አንባቢ ደግሞ እስከዚያው «በሎ በሎ»ን ፈልጎ ያድምጥ። በስልክ ስፒከር ግን አይሞክረው፤ ባሱ እዚያ አይሰማም። በጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ስፒከር ባለው ሰው ቤት ይስማው።