ክብረ ንጽህና፦ ሕክምናውና ኪታቡ ምን ይላሉ?

አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ኡስታዝ፣ ልጄን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አስወጡልኝ» አሉን። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «ስትዘል ክብሯ ቢሄድ ነገ ባሏ ፊት ምን ይዛ ትቆማለች?» አሉ። ልጃቸው ወንጀል ትሠራለች ብለው አልሰጉም። የሰጉት ንጹህ ልጃቸው በሐሰት እንዳትጠረጠር ነው።

ይህን በመጽሔት ማንሳት ነውር የሚመስላቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሐያእ ከኢማን ነው። ይሁን እንጂ አዒሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነበር።

ክብረ ንጽህና የምንለው፣ ሐኪሞች ሃይመን የሚሉት፣ በሴት ልጅ ብልት መግቢያ ዙሪያ ያለ ስስና ተለጣጭ ስጋ ነው። ብዙዎቻችን እንደምናስበው እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ መጋረጃ አይደለም። ከተፈጥሮው ክፍት ቦታ አለው፤ ባይኖረውማ የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? ሙሉ በሙሉ የተደፈነባቸው በጣም ጥቂት ልጃገረዶች አሉ። እነዚህ ባሊግ ሲሆኑ ደሙ ወደ ውስጥ ይጠራቀምና በየወሩ ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ የወር አበባቸው ግን አይታይም። እናቶች ይህን ምልክት ሲያዩ «ልጄ ዘገየች» ብለው ዝም ማለት የለባቸውም፤ ሐኪም በቀላል ቀዶ ሕክምና ይከፍተዋል።

ቅርጹም ከሴት ሴት ይለያያል። የአንዷ እንደ ቀለበት ክብ ነው፣ የሌላዋ እንደ ግማሽ ጨረቃ። ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ ይወፍራል፣ የመለጠጥ ኃይሉም ይጨምራል። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያው ሌሊት አንዲት ጠብታ ደም የማይታያቸው ብዙ ልጃገረዶች አሉ። ደም ሲታይም መንስኤው ብዙ ጊዜ ፍርሃት፣ ድርቀትና የባልየው ጥድፊያ ነው። ስለ ስፖርቱም ቢሆን የእናቲቱ ስጋት ከልክ ያለፈ ነው፤ መሮጥና መዝለል ይህን ስጋ የሚጎዳበት አጋጣሚ እምብዛም ነው።

ታዲያ ሐኪም አይቶ መለየት አይችልም ወይ? አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት ነፍሰ ጡር የሆኑ 36 ወጣት ልጃገረዶች ተመርምረው ግንኙነት መፈጸማቸውን በእርግጠኝነት የሚያሳይ ምልክት የተገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነበር። ያረገዘችዋን መለየት ካልተቻለ የሌላዋን ማን ይለያል? የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ስለሆነ እንዲቆም ጠይቀዋል። ከክሊኒክ «ድንግል ናት» የሚል ወረቀት የሚያመጣ ቤተሰብ እንግዲህ የያዘው ወረቀት ብቻ ነው።

በአንዳንድ አካባቢዎቻችን ግን በሠርጉ ማግስት ሚዜዎች ደም የነካው ጨርቅ ይዘው ወደ ሙሽራዪቱ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ «ብር አምባር» እየተባለ ይጨፈራል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ልጅቱ በውርደት ወደ አባቷ ቤት የምትመለስበት ጊዜ አለ። (የሙሽራውን ንጽህና የሚመረምር ጨርቅ እስከ ዛሬ አላየንም፤ ዚና ሐራም የሆነው ግን በሁለቱም ላይ ነው።)

ይህ ልማድ እንጂ ሸሪዓ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንት ቢክር ማን እንደሆነች በጥንቃቄ የተወያዩት የቢክር ዝምታ ለኒካህ እንደ ፈቃድ ስለሚቆጠር ነበር። በ593 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የሐነፊዩ ሊቅ አል-መርጊናኒ በሂዳያ ኪታባቸው፣ በመዝለል፣ በወር አበባ፣ በቁስል ወይም ሳታገባ በመቆየቷ ክብረ ንጽህናዋ የሄደባት ልጅ ሑክሟ የቢክር ሑክም መሆኑን ጽፈዋል። የሻፊዒዩ ኢማም ነወዊም (በ676 ያረፉት) በሚንሃጅ ላይ በግንኙነት ካልሆነ በቀር በመውደቅና በመሰል ነገር መሄዱ ሑክሙን እንደማይለውጠው አስቀምጠዋል። ሚንሃጅ የሀገራችን ደረሶች ሲቀሩት የኖሩት ኪታብ ነው! ዑለማእ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የለዩትን ነገር እኛ ዛሬ በጨርቅ እንለካለን።

ከዚህም የከበደው ነገር ክሱ ነው። በሱረቱ አን-ኑር ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ቅጣቱ 80 ጅራፍ ነው፤ ምስክርነቱም ከእንግዲህ ተቀባይነት የለውም። ያልደማ ጨርቅ ከአራቱ ምስክሮች የስንተኛው ቦታ ሊሆን ነው?

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ በሚገባቸው መንገድ ነገርናቸው። ልጅቷ ዛሬም ስፖርት ትሠራለች። ሊሰናበቱን ሲነሱ ግን፣ «እኔስ ገባኝ ኡስታዝ፤ ለሚያገባት ልጅ ማን ይነግረዋል?» አሉን። ለጊዜው መልስ አጣን። ከዚያ ወዲህ በቅዳሜው የወንዶች ደርሳችን የኒካህ ባብ ላይ ስንደርስ የሂዳያውንና የሚንሃጁን መስአላ ሳናነሳ አናልፍም። መጀመሪያ ዕለት ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዱ እጁን አወጣና፣ ታላቅ ወንድሙ በዚሁ ምክንያት ሚስቱን ወደ ቤተሰቦቿ እንደመለሳት ነግሮን፣ «አሁን ምን ልበለው?» ሲል ጠየቀን።