በሸክላ ላይ የቀረ ድምፅ

ድምፅ ከአፍ እንደ ወጣ የሚጠፋ ነገር ነው። ጽሕፈት የሰውን ቃል ለብዙ ሺህ ዓመታት ጠብቆ ሲያቆይ፣ የተናጋሪውን ለዛና የዘፋኙን ቅላጼ ለትውልድ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ። ከአሥር ዓመት በኋላም ኤሚል በርሊነር ግራሞፎንንና ጠፍጣፋውን ሸክላ አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ በጀርመን አገር የፒያኖ ተጫዋችን የጣት አመታት በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ላይ የሚይዝና፣ ተጫዋቹ በሌለበት ዜማውን መልሶ የሚያስመታ መሣሪያ ቀረበ።

ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች የጠበቁት ዜማን እንጂ የሰውን ታሪክ አልነበረም። ሸክላው ወይም የወረቀቱ ጥቅል ከአንድ ጥግ ሲገኝ ተጫዋቹ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በኢትዮጵያም ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዕጣ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ መቀረጽ የጀመረው ከእርሳቸው በፊት ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የድምፅ መልእክት ልከዋል። ያ ግን የነገሥታት ሰላምታ እንጂ ለሕዝብ የሚሸጥ ዘፈን አልነበረም። ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የታወቁ፣ ማሲንቆ የሚመቱና በሰምና ወርቅ ግጥማቸው የሚደነቁ ሰው ነበሩ። አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአዲሱን መሣሪያ ጥበብ እንዲማሩ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማን ወደ ጀርመን ላኳቸው። እርሳቸውም ለመኪና ትምህርት በሄዱበት አገር እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ ከአሥር በላይ ሸክላዎችን በበርሊን አስቀረጹ።

የዚያን ጊዜ አቀራረጽ ከዛሬው እጅግ የተለየ ነበር። ማይክሮፎን ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ ጡሩንባ አፉን አስጠግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍናል። ድምፁ በጡሩንባው ጫፍ ያለችውን ስስ ገበታ ሲያርገበግባት ከእርስዋ ጋር የተያያዘችው መርፌ በሰም ላይ ጠመዝማዛ መስመር ትፈለፍላለች። ስሕተት ቢፈጠር ማረም ስለማይቻል ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከዚህም በላይ የአንድ ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው የሦስት ደቂቃ ያህል ዜማ ብቻ ነው። እንደ አድማጩ ስሜት ግጥሙን እያስረዘመ ለሚጫወት ባለማሲንቆ ይህ ቀላል ፈተና እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰው ስለ ምን ተዘነጉ? አንደኛው ምክንያት በዘመኑ ግራሞፎን ያለው ሰው ጥቂት በመሆኑ ሸክላዎቹ በብዛት አለመሰራጨታቸው ነው። ሸክላ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑም ከጥቂቶቹ ብዙዎቹ አልቀዋል። ሁለተኛው፣ ኅብረተሰቡ በአዝማሪው ጨዋታ ቢደሰትም ለአዝማሪነት ሙያ ዝቅተኛ ግምት ይሰጥ ስለነበር የተጫዋቾችን ታሪክ የመጻፍ ልማድ አልዳበረም። ሦስተኛው የፖለቲካው ለውጥ ነው። ተሰማ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ነበሩ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ደግሞ የእርሳቸውን ወገኖች በይፋ ማወደስ የሚያስመሰግን አልነበረም።

የተረሳን ሰው ታሪክ የሚፈልግ ተመራማሪ ሦስት ምንጮችን አስተባብሮ ይመረምራል። እነዚህም ዕቃው፣ ጽሑፉና የሰው ትዝታ ናቸው። በሸክላው ላይ የታተሙት ስምና ቁጥር ጊዜውንና ቦታውን ይጠቁማሉ። የዘመኑ ደብዳቤና መዝገብ የተጓዡን ጉዳይ ያስረዳሉ። ቤተሰብና ሽማግሌዎች ደግሞ ወረቀት የማይነግረውን ጠባይና ጨዋታ ይተርካሉ። በነጋድራስ ተሰማ ረገድ የቤተሰቡ ስም ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። በ1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በመሆን በመላው አህጉር የታወቁ ነበሩ። የልጁን ስም የጠራ ሁሉ የአባቱንም ስም ሳያስተውለው ይጠራ ነበር።

ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። በበርሊን የቀሩት ዘፈኖቻቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮፒክስ በተሰኘው ስብስብ 27ኛ ቅጽ እንደገና ታትመው ከመቶ ዓመት በኋላ ለአድማጭ ቀረቡ። መርፌዋ በሰም ላይ የፈለፈለችው መስመር ድምፃቸውን አቆየ፤ ድምፁን ከባለቤቱ ጋር ያገናኙት ግን ሸክላውን ያልጣሉ፣ ስሙን ያልረሱና ጠይቀው የጻፉ ሰዎች ናቸው። በየአካባቢው ዛሬም ታሪካቸው ያልተጻፈ ባለማሲንቆዎችና ባለበገናዎች አሉ። እነርሱን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ፣ ከሞቱ በኋላ ፍለጋቸውን ከመከተል ይቀላል።