ብልን ከእሳት ራት ለይቶ ስለ ማወቅ

ማታ መብራት ሲበራ የሚታዩትን ጥቃቅን ክንፋሞች ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ መግደል በየቤቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ስማቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ግብራቸውም እንዲሁ ይለያያል። ይህን ያልለየ ሰው የማይጎዳውን ሲያሳድድ የሚጎዳውን በሣጥኑ ውስጥ ያሳድጋልና ነገሩን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

የእሳት ራት ማለት፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ ወደ ብርሃን በርሮ ለእሳት ራት የሚሆነው ነው። ይህ የብዙ ዓይነት የሌሊት ቢራቢሮዎች የወል ስም ነው። አብዛኞቹ በውጭ በቅጠልና በሣር ላይ ያደጉ ስለ ሆኑ መብራት ስቧቸው ወደ ቤት ቢገቡም ልብስ አይነኩም።

ብል ግን ብርሃንን ይሸሻል። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ መልኩም ወርቅማ ገለባ ይመስላል። ልብሱን ሲያነሡበት ሮጦ ወደ እጥፋቱ ይገባል። ሌላው ወገኑ ደግሞ በክንፉ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለው፤ ትሉም ራሱ የሠራትን ከረጢት ለብሶ ይዞራል። ክንፍ ያወጣው ብል ምንም አይበላም፤ ልብስ የሚበሳው ትሉ ነው። ምግቡም የበግ ጠጕር፥ ቆዳና ላባ ነው። ስለዚህ ለበርኖስ፥ ለሱፍ ካፖርትና ለምንጣፍ እንሠጋለን፤ ንጹሕ ጥጥ የሆነውን ጋቢ ግን ላብ ወይም ወጥ ካልነካው በቀር እምብዛም አይደፍረውም።

ከእህል ጆንያ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ነው። ነቀዝ አፉ እንደ ኩምቢ የሾለ ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ከበቆሎና ከማሽላ የሚበርረው ገለባ መሳይ ክንፋም ግን የእሳት ራት ወገን ነው፤ ትሉ በፍሬው ውስጥ አድጎ ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። እርሱም ልብስ አይበላም። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎ የፈጀው መጤ ተምችም የአንድ የሌሊት ቢራቢሮ ትል ነው።

ጠላት ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሱፉን ልብስ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት፥ ስፌቱንና ኪሱን በብሩሽ መጥረግ፥ አጥቦ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ናፍታሊን የሚባለው ነጭ እንክብል ሽታው ለሕፃናት ጎጂ ነው፤ ልጆችም ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉና ባይገባ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ብል የሚወደው ማንም የማይነካውን ልብስ ነው። በግእዝ ፃፄ የሚባለውን ይህን ፍጥረት ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የምድራዊ መዝገብ አጥፊ አድርጎ ያነሣዋል። ቅዱስ ባስልዮስም በሣጥን የተቈለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል።

ሳይለበስም ሳይሰጥም በብል ያለቀ ልብስ መጨረሻው የቆሻሻ ክምር ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ያለው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተደፋበት ስፍራ ነው፤ ብዙ ድኾችም ሌላው የጣለውን እየለቀሙ ኖረውበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከቤታችን የሚጣለው ነገር ወደ ማን እጅ እንደሚደርስ ያ ቀን አሳይቶናል። እንግዲህ ክረምት ሳይገባ ሣጥናችንን እንክፈት። የምንለብሰውን እናጽዳ፤ የማንለብሰውን ደግሞ ትሉ ሳይቀድመን፥ ገና ደኅና ሳለ፥ ለበረደው ወገናችን እንስጥ።