ልጄ አፉን ያልፈታው ከምግብ የተነሣ ነውን?

ባለፈው ወር አንዲት እናት እኛ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው፣ «ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አፉን አልፈታም። ጎረቤቶች በእርግዝናሽ ጊዜ ከበላሽው ነው ይሉኛል፤ ወተትና ዳቦ ከልክዪው የሚሉም አሉ። እውነት ነውን?» ሲሉ ጠየቁን። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ጥያቄው የብዙ ወላጆች ጥያቄ ስለሆነ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችኋለን።

የሰው አንጎል በጣም የሚያድገው በማኅፀን ሳለና ከተወለደ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ነው። በዚያ ጊዜ ከምግብ የሚጎድል ነገር የልጁን አእምሮ ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ የአገራችን ዋና ምሳሌ አዮዲን ነው። በደጋው አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ስላጠበው በእህሉም በውኃውም አዮዲን ያንሳል። እንቅርት የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የከፋው ጉዳት ግን በአንገት ላይ የሚታየው አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት የፅንሱ አንጎል በሚገባ አያድግም፤ ልጁም መስማት የተሳነው ወይም የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ሲነሣ ያ ቀረና አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ተተካ። በ2011 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ በ2016 በተደረገ ጥናትም ጨዋቸው ከተመረመረ አሥር ቤቶች በዘጠኙ ገደማ አዮዲን ተገኝቷል።

እዚህ ሐርጌሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2009 በሶማሌላንድና በሶማሊያ የተካሄደ ጥናት ሕዝቡ አዮዲን ከሚገባው በላይ እንደሚያገኝ አሳይቷል፤ ምንጩም የጉድጓድ ውኃ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የአዮዲን መድኃኒት መዋጥ አይገባም። ያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት የደም ማነስ እንዳለባቸው አረጋግጧል። የደም ማነስ አንዱ ዋና ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ቶሎ ይደክማል፤ ትምህርትም ይከብደዋል።

በየቤታችን የለመድነው አንድ ነገር ይህን ያባብሳል። ሩዝ ወይም ፓስታ በልተን ወዲያው ሻይ እንጠጣለን፤ ለልጆችም እንሰጣለን። ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። እንግዲህ ምን እናድርግ?

፩. ለሕፃናት ሻይ አንስጥ። ትልልቆችም ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተን እንጠጣ።

፪. ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ጡት ሳይቋረጥ በገንፎው ላይ የተፈጨ ምስር ወይም ባቄላ እንጨምር። ሎሚ ወይም ቲማቲም ብረቱ ለሰውነት እንዲደርስ ይረዳል። ሥጋ ወይም ጉበት በተገኘ ጊዜ ልጁ ይቅደም።

፫. ነፍሰ ጡር እናቶች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አያቋርጡ።

ነገር ግን የልጆች ችግር ሁሉ ከምግብ አይመጣም። ልጁ ሲጠሩት የማይዞር፣ ሰው ፊት የማያይ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ የሚያደርግ ከሆነ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ልጁ ከሚበላው ወተት ወይም ዳቦ አይመጣም፤ እርግማንም አይደለም። ወተትና ዳቦ መከልከል እንደሚፈውሰው አልተረጋገጠም፤ ምግቡ ጥቂት የሆነውን ልጅ ግን ያከሳዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚሆን ማእከል ከፈቱ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ልጆች በቤት ተደብቀው ነበር የሚያድጉት።

ለጠየቁን እናት የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ምግቡን አይቀንሱበት። ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር። ከዚያም ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲውል ወደ እኛ ያምጡት።