የጀጎልን ቤት ማን ያድሰው?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ ለአስጎብኚ ላንድክሩዘር ኩሽኔታና ፍሬን ሸራ የሚገዛ ሹፌር ካለ፣ ዕቃውን የሸጠለት ነጋዴም ከቱሪስቱ ገንዘብ ድርሻውን አገኘ ማለት ነው። ሆቴሉም አስጎብኚ ድርጅቱም እንደዚያው። መኪናው ሄዶ የሚቆምበት ሰፈር ነዋሪስ? ዘላቂ ቱሪዝም የሚባለው ፖሊሲ ዋና ጉዳዩ ይህ ነው፤ እንግዳ የሚስበውን ቅርስና ተፈጥሮ ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ከገቢው ምን ይደርሳቸዋል?

ሐረርን እንውሰድ። በግንብ የታጠረው ጥንታዊ ከተማዋ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች ያሉት ሲሆን፣ ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ነው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ከፍታቸው የሚለያይ፣ ቀይ የተቀቡ መደቦች ይጠብቁዎታል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ወግ አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ነው። ሰው ተወልዶ የሚያድግበት፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት ነውና ጣሪያው ሲያፈስ የሚቸገረው ቤተሰቡ ነው።

በብሎኬትና በቆርቆሮ መጠገን ይረክሳል። በድንጋይና በእንጨት እንደ ጥንቱ ማደስ ግን ባለሙያም ገንዘብም ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማደስ ይከለክላል፤ የመንከባከቡን ኃላፊነት ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊያግዘው እንደሚችልም ይደነግጋል። በእኔ እምነት እገዛው ምንጩ የታወቀ፣ በየዓመቱ የማይቋረጥ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ለምሳሌ ማልዲቭስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከቱሪስቶች በየቀኑ የሚታሰብ አረንጓዴ ግብር ትሰበስባለች። በ2025 መጀመሪያ በሪዞርቶች ከ6 ወደ 12 ዶላር ከፍ ብሏል። ዓላማውም እንደ ቆሻሻ አወጋገድና ፍሳሽ ያሉ የአካባቢ ሥራዎችን መደገፍ ነው። ያችው አገር ግን ለብዙ ዓመታት ሪዞርቶቿን ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ ብቻ ስትሠራ ቆይታ፣ ነዋሪው በገዛ ደሴቱ የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፍት የተፈቀደለት በ2009 አካባቢ ነው። በዮርዳኖሱ የዳና ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ የመንደሩ ሰዎች የብር ጌጥና የደረቀ ፍራፍሬ አዘጋጅተው ለጎብኚ ይሸጣሉ።

በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲም የአካባቢው ኅብረተሰብ ተሳታፊና ተጠቃሚ ይሁን ይላል። ጀጎል ውስጥ ጌ ጋራቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ የአልጋው ኪራይ በቀጥታ እጃቸው ይገባል። መደገፍ ያለበት እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ጎብኚ ሲባል የውጭ ዜጋን ብቻ መቁጠርም ትልቅ ጉድለት ነው። ባሌ ወደሚገኘው የድሬ ሼክ ሁሴን ቅዱስ ሥፍራ በየዓመቱ ባላ በትር ይዘው የሚመጡት ዘያሪዎች ከሩቅ ተጉዘው፣ አድረው፣ በልተውና ሸምተው የሚመለሱ መንገደኞች ናቸው። ቦታው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ይገኛል። ለዚያ ሕዝብ በጀት ሲያዝ ከሪዞርት በፊት ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የክሊኒክ አገልግሎት መምጣት አለባቸው፤ ምግብና ማረፊያ የማቅረቡም ሥራ በቅድሚያ ለመንደሩ ነዋሪዎች ይሰጥ።