ስፖንጁ ቢረግፍም፦ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ እንዴት ይመረመራል?

አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ላይ ቀድሞ የሚያረጀው ርካሹ ክፍል ነው። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ እርጥበት፣ አየርና ብርሃን ሲፈራረቁበት ዓመታት ቆይቶ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ደርቆ ይፈረፈራል፣ አንዳንዱ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። ይህን ያየ ገዢ «ያለቀለት ነው» ብሎ አስቀምጦት ይሄዳል። ድምፁን የሚያወጡት ስሱ ገለፈት፣ የመዳቡ ጥቅልና ማግኔቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆኑም። የሰብሳቢ ሥራ ከዚህ ይጀምራል፤ የሞተውን ከዳነው መለየት።

ይህን ለመማር ከሴንሃይዘር ኤችዲ 414 የተሻለ መነሻ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የጀርመን ሥራ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት የሙዚቃ ማዳመጫዎች፣ አሜሪካዊው ጆን ኮስ በ1958 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ካስተዋወቀው የመጀመሪያው የስቴሪዮ ማዳመጫ ጀምሮ፣ ከበድ ያሉና ጆሮን ግጥም አድርገው የሚዘጉ ነበሩ። ሴንሃይዘሮች ጀርባውን ክፍት ትተው በጆሮና በገለፈቱ መካከል አየር የሚያሳልፍ ስፖንጅ ብቻ አኖሩ። ጆሮ አይታፈንም፣ አያልበውም፤ ሙዚቃውም ከጭንቅላት ወጣ ብሎ የሚሰማ ይመስላል። ቢጫው ስፖንጅ መለያው ሆነ። ኩባንያው ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሸጠ ስለሚናገር ዛሬም በጀርመን የእሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ከካሜራውና ከቴፑ ክምር መካከል ቢፈልጉት አይታጣም። ለስፖንጁ ልክ የሆነ አዲስ ምትክም ይገኛል።

እንዲህ ያለ ማዳመጫ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው ገመዱን ነው። ኤችዲ 414 ላይ ገመዱ ከግራም ከቀኝም ጆሮ ተነቅሎ የሚወጣ በመሆኑ ቢበጠስም ዕቃው አይጣልም። ይህን ያሰበ መሐንዲስ አድናቆቴን ሁሉ ይወስዳል፤ ዛሬ በውድ ዋጋ እየተሸጡ ገመዳቸው አንዴ ከተበጠሰ የሚጣሉ ስንት ማዳመጫዎች አሉ። መሰኪያዎቹ ጠቁረው ከሆነ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋሉ። የዚያን ዘመን የጀርመን ዕቃዎች ዛሬ የትም የማይገባ የራሳቸው ዓይነት ሶኬት ስለነበራቸው ብዙ ሰው ቆርጦ አዲስ ጃክ ይበይድበታል። እኔ ግን ሳይቆረጥ የደረሰውን ሳልነካ አቆየዋለሁ፤ አስማሚ ተፈልጎ ይገኛል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

ቀጥሎ ቴስተር ይመጣል። ኤችዲ 414 ላይ የተጻፈው 2,000 ኦም ነው። ቴስተሩ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ ቴስተር የሚለካው ሽቦው ለቀጥታ ኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም ሲሆን፣ ፋብሪካው የጻፈው ለሚለዋወጠው የድምፅ ሞገድ ያለውን ነው። መታየት ያለበት የግራውና የቀኙ መቀራረብ ነው። ጤነኛ ከሆነ የቴስተሩ ጫፍ ሲነካው ከውስጥ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ምንም ካላሳየ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ገመዱ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከፀጉር የቀጠነው ጥቅል ከሆነ ግን ከባድ። ይህ 2,000 ኦም ሌላም ነገር ይነግረናል። ስልክ ላይ ተሰክቶ ድምፁ ሲያንስ ብዙዎች ዕቃው የደከመ ይመስላቸዋል፤ የስልኩ ቮልቴጅ እንጂ ማዳመጫው አላነሰም። የድሮ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ማዳመጥ ነው። ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ወጥ ድምፅ በሁለቱም ጆሮ አሰማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ዝዝ ካለ ገለፈቱ ተቀዷል ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ከስፖንጁ ሥር የገባች አንዲት ፀጉር ገለፈቱን ነክታ እንዲህ ታደርጋለች። በቀጭን ወረንጦ ስትወጣ ድምፁ ይጠራል። የበገና ደርዳሪውን የአለሙ አጋን በገና ለመጨረሻ አቆያለሁ። የበገና ጅማቶች ድልድዩ ላይ ባለችው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራዋ፣ የተነሳ በተፈጥሯቸው ይነዝራሉና በሽተኛ ማዳመጫን በበገና መመርመር አይቻልም፤ ሕመሙ ከመሣሪያው ጠባይ ጋር ይደባለቃል። ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ከበገና የበለጠ ፈታኝ አላገኘሁም። ኤችዲ 414 የእንዚራዋን ንዝረትና የአለሙን ድምፅ ትንፋሽ ቅርብ አድርጎ ያመጣል፤ የወፍራሙን ጅማት ጥልቀት ግን ያሳንሰዋል። ክፍት የሆነና ጆሮ ላይ ብቻ የሚያርፍ ማዳመጫ ዝቅተኛውን ድምፅ ያመልጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ያማሃ ኤችፒ-1 በሌላ መንገድ የሄደ ነው። መልኩን የቀረፀው ጣሊያናዊው ማሪዮ ቤሊኒ ነው፤ ቴክኒኩ ደግሞ ከተራው ማዳመጫ ይለያል። በተራው ማዳመጫ አንዲት ትንሽ ጥቅል ከገለፈቱ ጋር ተጣብቃ ትገፋዋለች። በያማሃው ግን ሽቦው ራሱ ስሱ ፊልም ላይ ጠመዝማዛ ሆኖ ታትሟል፤ ፊልሙ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ማግኔቶች መካከል ተወጥሮ መላ ገጹ ባንድነት ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በውድ የሚሸጡት ፕላናር የሚባሉት ማዳመጫዎች በዚሁ መርህ ይሠራሉ። ለዚህ ዓይነቱ ቴስተር ታማኝ ነው፤ የሚያሳየው ቁጥር ፋብሪካው ከጻፈው ብዙም አይርቅም።

የሁሉም አያት ግን ከዩታ ነው። ናትናኤል ባልድዊን ማዳመጫውን ወጥ ቤቱ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ፤ ባሕር ኃይሉ ፈትኖ ወደደውና ብዙ ሲያዝ፣ ባልድዊን በወጥ ቤቱ ከዐሥር በላይ ባንድ ጊዜ መሥራት እንደማይችል መለሰ። የዘመኑ ማዳመጫ ማግኔቱ የብረት ገለፈትን በቀጥታ እንዲስብ የተሠራ ነበር። ባልድዊን ግን በማግኔቶቹ መካከል ሚዛኗን ጠብቃ የቆመች ቁራጭ ብረት አኑሮ፣ እንቅስቃሴዋን በቀጭን ዘንግ ወደ ሚካ ገለፈት አሻገረ። እጅግ ደካማ ሞገድም ያሰማል። ሚካው ያልተሰነጠቀና ጥቅሉ ያልተበጠሰ ከተገኘ ዋጋ ይጠየቅበታል፤ ያለ ባትሪ፣ አንቴናው በሚያመጣው ኃይል ብቻ የሚሠራ ክሪስታል ራዲዮ የሚገጣጥሙ ሰዎች ዛሬም እየፈለጉ ይገዙታል።